አዲስ ክልል እንዴት ይወለዳል? የአገሮችን የመንግሥት ሥርዓት ለማነጻጸር መግቢያ



ዕድሜው ሰባ ዓመት የሞላው አንድ የቆሼ ነዋሪ ከተወለደበት ቀዬ ሳይወጣ ስንት መንግሥታዊ አድራሻ እንደ ቀያየረ ብንቈጥር መልሱ ያስገርመናል። በልጅነቱ የሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ የሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሰው ነበር። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ተባለ። በ1984 ዓ.ም. በወጣው የሽግግር ዘመን አዋጅ መሠረት ጉራጌን፣ ሐዲያንና ከምባታን በአንድነት ባቀፈው ክልል 7 ውስጥ ተመደበ። ብዙም ሳይቈይ ከ7 እስከ 11 ያሉት አምስት ክልሎች ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሆኑ። ወረዳው ቀድሞ «መስቃንና ማረቆ» ይባል ነበር፤ በኋላ ማረቆ ለብቻው ወረዳ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ የደቡብ ክልል ሲከስም ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተባለ ክልል ተመሠረተ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሲሆኑ፣ ማረቆ ከሁለቱም ተለይቶ ልዩ ወረዳ፣ ቆሼም የዚሁ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ሆነች። ልዩ ወረዳ ማለት በዞን በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ከክልሉ ጋር የሚገናኝ አስተዳደር ነው። የማረቆ በርበሬ ግን በዚያው በቀድሞው ማሳ ላይ ይቀላል።

እንግዲህ አዛውንቱ አንድ ጥያቄ ቢጠይቁን ምን እንመልስላቸዋለን? «ይህን ሁሉ ለውጥ የወሰነው ማን ነው? እኔስ የተጠየቅሁት በየትኛው ላይ ነው?» ቢሉን ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የልዩ ልዩ አገሮችን የፖለቲካ ሥርዓት እንዴት ማነጻጸር እንደሚቻል ለማሳየት የተዘጋጀ መግቢያ ሲሆን፣ መነሻ የሚያደርገውም ይህንኑ የአዛውንቱን ጥያቄ ነው።

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሳለን ስለ መንግሥታት የተማርነው የስም ዝርዝር ነው። ንጉሣዊ፣ ሪፐብሊክ፣ ፓርላሜንታዊ፣ ፕሬዚዳንታዊ፣ አሐዳዊ፣ ፌዴራላዊ እያልን ሸምድደን ፈተናችንን አልፈናል። ዝርዝሩ ዋጋ የለውም ባይባልም ስም ብቻውን እጅግ ያታልላል። ብሪታንያና ሳዑዲ ዓረቢያ ሁለቱም መንግሥተ ንጉሥ ናቸው፤ የአንዱ አገር ሰው ጠቅላይ ሚኒስትሩን በድምፅ ይሽራል፣ የሌላው ግን አይችልም። በአገራችንም ከ1980 ዓ.ም. እስከ 1983 ዓ.ም. የነበረው መንግሥት «ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ይባል ነበር፤ በሕግ የታወቀው ፓርቲ ግን አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ የሚያነጻጽር ሰው የመጀመሪያ ሥራው ከስም አልፎ ለሁሉም አገር አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ ነው። የአንዱን አገር ሕገ መንግሥት ከሌላው አገር የኑሮ ሁኔታ ጋር፣ የአንዱን መልካም ቀን ከሌላው ክፉ ቀን ጋር ማመዛዘን ማነጻጸር አይባልም።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። ፈላስፋው አርስጣጣሊስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የ158 ከተሞችንና አገሮችን ሥርዓት አሰባስቦ እንደ ነበር ይነገራል። ከእነዚህ ውስጥ የአቴና ሥርዓት የተጻፈበት መጽሐፍ በግብፅ በፓፒረስ ላይ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1891 ታትሟል። አርስጣጣሊስ ለሁሉም ያቀረበው ጥያቄ «የሚገዙት ስንት ናቸው? የሚገዙትስ ለማን ጥቅም ነው?» የሚል ነበር።

በአገራችንም ማነጻጸር የቆየ ታሪክ አለው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ኢትዮጵያን ከጃፓን ጋር እያስተያዩ ስለ መንግሥት አስተዳደር የጻፉት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ የሌሎችን አገሮች ሕግ መርምረው በዋናነት የተከተሉት እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። የጃፓኑ 76 አንቀጾች ሲኖሩት የእኛው 55 ነበሩት፤ ሁለቱም በሰባት ምዕራፍ የተከፈሉ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱን የማይደፈር አድርገው ሥልጣንን ከእርሱ ማመንጨታቸውም ያመሳስላቸዋል።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ማለትም «የሕዝቡን እንደራሴ ማን ይመርጠዋል?» ብለን ብንጠይቅ መመሳሰሉ ወዲያው ይሰነጠቃል። በጃፓን የታችኛው ምክር ቤት አባላት ከ1890 ጀምሮ በምርጫ ይገቡ ነበር። መራጩ ግብር ከፋይ ወንድ ብቻ ስለ ነበረ ከሕዝቡ አንድ ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበር የሚመርጠው፤ ቢሆንም ምርጫ ነበር፣ ፓርቲዎችም በዚያው ዙሪያ በቀሉ። በ1923ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ እንደራሴዎቹን መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ እንዲመርጡ ተደነገገ። ያ «እስኪበቃ ድረስ» የተባለው ጊዜ ሕዝቡ በቀጥታ እስከ መረጠበት እስከ እ.ኤ.አ. 1957 ቈየ። ፊደሉ ከአንድ ምንጭ ተቀድቶ ሳለ ኑሮው በሁለት መንገድ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ አዛውንቱ ጥያቄ እንመለስ። በአንድ ፌዴራላዊ አገር ውስጥ አዲስ ክልል ሲወለድ ማን ይጠይቃል? ማን ድምፅ ይሰጣል? የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውስ ማን ነው?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 47 የፌዴሬሽኑን ዘጠኝ አባላት ከዘረዘረ በኋላ በእነርሱ ውስጥ የሚገኙ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በማናቸውም ጊዜ የየራሳቸውን ክልል የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አካሄዱም በዚያው ተጽፏል። ጥያቄው በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቶ በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል። የክልሉ ምክር ቤትም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ለጠያቂው ብሔረሰብ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ጥያቄው በአብላጫ ድምፅ ከተደገፈ የክልሉ ምክር ቤት ሥልጣኑን ያስረክባል፤ አዲሱም ክልል ሌላ ማመልከቻ ሳያስፈልገው በቀጥታ የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዓለም ሁሉ ለጠያቂው የቀለለ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚጠይቀውም የሚወስነውም ራሱ ጠያቂው ነው፤ የቀሩት የክልሉ ሕዝቦችም ሆኑ የአገሪቱ ፓርላማ ድምፅ አይሰጡበትም።

በተግባር ግን ይህ አንቀጽ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይሠራበት ቈየ። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ ከጉራጌ የተለየ ማንነት እንዳለው በሕዝበ ውሳኔ አረጋግጦ የራሱን ዞን አገኘ፤ ይህ ግን የዞን እንጂ የክልል ጉዳይ አልነበረም። አንቀጽ 47 በእውነት የተፈተነው በሲዳማ ነው። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጥያቄውን አጸደቀ፤ ሕጉ የሰጠው አንድ ዓመት ሲያልቅ ሕዝበ ውሳኔው አልተዘጋጀም ነበር። ወጣቶች «11/11/11» እያሉ፣ ማለትም በ2011 ዓ.ም. በ11ኛው ወር በ11ኛው ቀን ክልልነቱን በራሳችን እናውጃለን ብለው ቀጠሮ ያዙ። በዚያው ሳምንት በተነሣው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን ከ98 ከመቶ በላይ የሚሆነው ድምፅ ክልልነቱን ደገፈ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ማን እንደሚጠይቅና ማን እንደሚወስን በግልጽ ጽፎ ሳለ የአንድ ዓመቱ ቀነ ገደብ ቢያልፍ ምን እንደሚደረግ አልጻፈም። ደም የፈሰሰውም ሕጉ ዝም ባለበት በዚያ ክፍተት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ፣ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ደቡብ ኢትዮጵያ በሚባለው ክልል ሕዝበ ውሳኔ ተደርጓል። በእነዚህ በሁለቱ የተጠየቀው አንድ ብሔረሰብ ብቻውን ክልል ይሁን ወይስ አይሁን ሳይሆን ብዙ ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች በጋራ አንድ ክልል ይመሥርቱ የሚለው ነበር። የእኛው አካባቢ መንገድ ከሁሉም ይለያል። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. በክልል የመደራጀት ጥያቄ አቅርቦ ነበር፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ግን ሕዝበ ውሳኔ አልተካሄደም። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተመሠረተው ሌሎቹ ከወጡ በኋላ የቀሩት ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች ተሰባስበው ነው። የማረቆ ልዩ ወረዳም የተቋቋመው በምክር ቤት ውሳኔ ነው። ስለዚህ ለቆሼው አዛውንት በቅንነት መመለስ ያለብን ይህን ነው፦ ክልልዎ በተቀየረ ቍጥር በእንደራሴዎችዎ በኩል ተወስኗል እንጂ እርስዎ በቀጥታ አልተጠየቁም። የሚገርመው ደግሞ የዛሬው ክልላቸው ስፋት ከ1984ቱ ክልል 7 ጋር እጅግ መቀራረቡ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ዞረን ወደ ተነሣንበት ቀርበናል።

ተመሳሳዩን ጥያቄ ይዘን ወደ ሕንድ እንሻገር። በሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 መሠረት አዲስ ክልል የሚፈጥረው፣ ወሰን የሚለውጠው፣ ስም የሚቀይረው የማዕከሉ ፓርላማ ነው፤ ለዚህም ተራ አብላጫ ድምፅ ይበቃዋል። የሚነካው ክልል ምክር ቤት አስተያየቱን ይጠየቃል፤ አስተያየቱ ግን ፓርላማውን አያስርም። እ.ኤ.አ. በ2014 ቴላንጋና ከአንድራ ፕራዴሽ ተለይታ ስትቋቋም የአንድራ ፕራዴሽ ምክር ቤት ረቂቁን ውድቅ አድርጎት ነበር፤ ፓርላማው ግን አጸደቀው። በ2019 ደግሞ ጃሙና ካሽሚር ከክልልነት ወርዶ በማዕከል የሚተዳደሩ ሁለት ግዛቶች ሆነ። እንግዲህ በወረቀት ሲታይ የሕንድ ክልሎች ከእኛዎቹ ይልቅ ደካሞች ናቸው። ሆኖም ሕዝቡ ድምፅ የለውም ማለት አይደለም። በ1952 ፖቲ ስሪራሙሉ የተባሉ ሰው የቴሉጉ ቋንቋ ተናጋሪዎች ክልል እንዲኖራቸው ሲጠይቁ በጾም ሞቱ፤ በተከተለው ቍጣ ምክንያት በዓመቱ የአንድራ ክልል ተመሠረተ። መንግሥት ከዚያ በኋላ ጉዳዩን በየሁከቱ ከመወሰን ይልቅ አንድ ኮሚሽን አቋቁሞ አገሩን ሁሉ አስጠና፤ በ1956ም በአንድ ሕግ ብዙዎቹን ክልሎች በቋንቋ ላይ ተመሥርቶ እንደገና አደራጀ። ዛሬ ሕንድ 28 ክልሎች አሏት። ሥልጣኑ የማዕከሉ ሆኖ ሳለ የሕዝቡ ግፊት ሕጉ ያልሰጠውን ቦታ አግኝቷል።

ናይጄሪያ ደግሞ ሌላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 በሕዝበ ውሳኔ ከተወለደው የመካከለኛው ምዕራብ ክልል በቀር ሌሎቹን ሁሉ የፈጠረው የወታደር መንግሥት አዋጅ ነው። ጄኔራል ጎዎን በግንቦት 1967 አገሪቱን በ12 ሲከፍሉ ቢያፍራ መገንጠሏን ልታውጅ የቀሯት ሦስት ቀናት ብቻ ነበሩ። ቍጥሩ በ1976 ወደ 19፣ በ1987 ወደ 21፣ በ1991 ወደ 30፣ በ1996 ወደ 36 አደገ። የ1999ኙ የሲቪል ሕገ መንግሥት ግን አዲስ ክልል ለመፍጠር የአካባቢውን እንደራሴዎች ሁለት ሦስተኛ፣ ሕዝበ ውሳኔ፣ የሌሎቹን ክልሎች ምክር ቤቶች አብላጫ፣ በመጨረሻም የብሔራዊ ምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ጠያቂው ብዙ ሆኖ ሳለ አንድም ክልል አልተወለደም። ጠያቂውን ያበዛው ነገር ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ክልል ከነዳጁ ገቢ ድርሻ ይደርሰዋል። እኛም ብንሆን ክልል ወይም ልዩ ወረዳ ሲባል የማንነት ጥያቄ ብቻ አድርገን አንመልከተው፤ በጀትም፣ የሥራ ቦታም፣ ጽሕፈት ቤት የሚሠራባት ከተማም አብረው ይመጣሉ።

እስካሁን ያነሣናቸው ሁሉ «ሕዝቡ» ማን እንደ ሆነ የታወቀ አስመስለው ይነሣሉ። በእውነት ግን ከባዱ ጥያቄ እርሱ ነው። ለዚህ የስዊዘርላንድን የዡራ ታሪክ ረዘም አድርገን ማየት ይገባናል።

ዡራ ቀድሞ የባዝል ልዑል ጳጳስ ግዛት የነበረ ተራራማ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1815 የቪየና ጉባኤ ለበርን ካንቶን ሰጠው፤ ነዋሪውን የጠየቀው አልነበረም። የበርን ሕዝብ በአብዛኛው ጀርመንኛ ተናጋሪና ፕሮቴስታንት ሲሆን የዡራ ሕዝብ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር፤ በሃይማኖት ግን ሰሜኑ ካቶሊክ፣ ደቡቡ ፕሮቴስታንት ነበር። የራሳችን ካንቶን ይኑረን የሚለው ጥያቄ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እየበረታ ሲሄድ ሦስት ደረጃ ያለው አካሄድ ተዘጋጀ። በሰኔ 1974 መላው ዡራ ድምፅ ሰጠ፤ «አዎን» የሚለው በጠባብ ብልጫ አሸነፈ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደቡቡ ሳይወድ ተጐትቶ በወጣ ነበር። በመጋቢት 1975 ግን «አይደለም» ያሉት የደቡብ አውራጃዎች ለብቻቸው እንደገና ተጠየቁ፤ ከበርን ጋር መቅረትን መረጡ። በዚያው ዓመት ደግሞ በሁለቱ ድንበር ላይ ያሉ መንደሮች አንድ በአንድ «እናንተስ?» ተባሉ፤ አንዳንዶቹ ወዲህ፣ አንዳንዶቹ ወዲያ ሆኑ። በመጨረሻም በመስከረም 1978 የመላው ስዊዘርላንድ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ካንቶኖቹ ሁሉ ተስማሙ፤ የዡራ ካንቶን በጥር 1 ቀን 1979 ተመሠረተ።

ሁሉም በሰላም አለፈ ለማለት አይደለም። በሙቲዬ ከተማ በ1975 ሕዝብና ፖሊስ ተጋጭተዋል፤ የከተማይቱም ሰዎች እስከ ልጅ ልጆቻቸው ተከፋፍለው ኖረዋል። ሆኖም ጥያቄው አልተዘጋባቸውም፤ በመጋቢት 2021 እንደገና ድምፅ ሰጥተው ወደ ዡራ ለመሄድ ስለ መረጡ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ እንዲዛወሩ ተወስኗል። ልብ እንበል፤ ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ ደቡቡ አልሄደም። ከሩቅ ሆኖ «ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሁሉ አንድ ነው» ብሎ ካርታ የሚሥል ሰው በተሳሳተ ነበር።

«ስዊዘርላንድ ሀብታም አገር ስለ ሆነች ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው፤ ነገር ግን በየቀበሌው ድምፅ ማሰጠት ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል ከ420 በሚበልጡ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጓል። የጐደለው ከድምፁ በኋላ ያለው ሥራ ነበር። ወሰኑን በምድር ላይ ማካለል ተጓተተ፤ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭትም በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ከሁለቱም ወገን ተፈናቀሉ።

ይህ ለቆሼና ለቡታጅራ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመስቃንና በማረቆ ወረዳዎች መካከል በእንሴኖ ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች የማን ናቸው በሚል ክርክር የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ ሲጋቡና ሲዋለዱ የኖሩ ሰዎች መንገድ ተዘግቶባቸዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 ስለ ወሰን ሲናገር የሚናገረው ስለ ክልሎች ነው። ክልሎቹ በራሳቸው ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ ይወስናል ይላል። በአንድ ክልል ውስጥ ያሉ የሁለት ወረዳዎች ወሰን ግን በዚህ አንቀጽ አልተጠቀሰም፤ ለክልሉ የተተወ ነው። ልዩ ወረዳ መቋቋሙ ማረቆን ማን እንደሚያስተዳድረው መልሷል፤ ማረቆ እስከ የት ድረስ ነው የሚለውን ግን በራሱ አይመልስም።

ማነጻጸር ሁልጊዜ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ በቂጫ ሕግ፣ የክስታኔ ጉራጌም በጎርደና ሴራ ሲዳኙ ኖረዋል። በየጆካ የልዩ ልዩ ቤተ ጉራጌ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚወስኑት እጅ ቈጥረው ሳይሆን እስኪስማሙ ተነጋግረው ነው። በዚህ ሥርዓት የ1974ቱ የዡራ ጠባብ ብልጫ እንደ ፍጻሜ አይቈጠርም ነበር፤ ገና የንግግሩ መጀመሪያ ይሆን ነበር። በሌላ በኩል ሸንጎው በዘመናት ሁሉ የወንዶች ሽማግሌዎች መቀመጫ ሆኖ ኖሯል። ሴቶችና ወጣቶች በምርጫ ሣጥን ፊት ያገኙትን እኩል ድምፅ በዚያ አላገኙም። ባህላችንን ከውጭው ጋር ስናስተያይ አንዱን ወገን ብቻ አንምረጥ፤ ለየጆካም ለዡራም የምናቀርበው ጥያቄ ያው አንድ ይሁን።

ይህን ጽሑፍ በጥናት ክበብ ለምታነቡ አንድ የቤት ሥራ አለን። በአካባቢያችሁ በወሰን የሚያከራክር አንድ ቀበሌ ወይም መንደር ውሰዱ። በአንቀጽ 47 መንገድ፣ በሕንድ መንገድ፣ በዡራ የሦስት ደረጃ መንገድና በሽማግሌ ሸንጎ ቢወሰን በየመንገዱ ድምፅ የሚኖረው ማን እንደ ሆነ፣ የማይጠየቀውም ማን እንደ ሆነ በስም ሳይሆን በወገን ለዩ። በተለይ ከየመንገዱ በኋላ በቍጥር አናሳ ሆኖ የሚቀረው ወገን የት እንደሚያመለክት፣ ልጁን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምር፣ የእርሻ መሬቱንም ማን እንደሚመዘግብለት ተወያዩ። ከመስቃንም ከማረቆም ወገን የሆኑ አባላት በአንድ ክበብ ውስጥ ካሏችሁ ሁለቱም መልሳቸውን ለየብቻ ጽፈው ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላውን ያንብብ።